የተገኙትና ያልተገኙት፦ ከበርሊን ሸክላ እስከ መርሳ ካሴት

(በወልድያ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ጽሑፉ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



በታሪክ ትምህርት ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ዜና መዋዕል፣ ስለ ደብዳቤና ስለ መሬት መዝገብ ነው። ዛሬ ግን የታሪክ ምንጭ አድርጌ የማቀርብላችሁ በየቤታችን አቧራ ለብሶ የተቀመጠውን ካሴት ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው። ተረስቶ የነበረ ሙዚቃ «ዳግም ተገኘ» ሲባል ለመገኘት ያበቃው ምንድን ነው? ያልተገኘውስ ምን ጎድሎት ነው? ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ብዬ ካልለየኋቸው በስተቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ነገሩን ከአንድ ካሴት ልጀምር። በ1985 ኃይሉ መርጊያ የተባሉ ኢትዮጵያዊ የኪቦርድ ተጫዋች በዋሽንግተን፣ በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው አንድ አልበም ቀረጹ። አብሯቸው የሚጫወት ባንድ አልነበረም። የነበራቸው አኮርዲዮን፣ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ የሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ 7 እና የከበሮ ማሽን ነው። በአልበሙ ውስጥ ካሉት ዜማዎች አንዱ «አምባሰል» ይባላል። ከመርሳ ተነሥቶ በደሴው መንገድ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ሐብሩን አልፎ ውጫሌ ሲደርስ በአምባሰል ምድር ላይ ነው። የእኛ የቅርብ ጎረቤት ስሙን የሰጠው ቅኝት፣ ከአገሩ ርቆ፣ በኤሌክትሪክ ድምፅ ተቀርጾ በካሴት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያም ተረሳ። ከ28 ዓመት በኋላ ግን ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባሉ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አገኙት፤ በ2013ም በሸክላና በሲዲ ዳግም ታትሞ በዓለም ተሰማ።

ይህ ታሪክ በብዙ ጋዜጦች ተጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ በዚያ ታሪክ ውስጥ ያልተጻፈው ነው። ያ ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ በተገኘበት ዘመን መርሳና ወልድያ ውስጥ ስንት ካሴት ነበር? ከእነርሱስ ስለ ምን አንድም አልተገኘም?

የመጀመሪያዎቹ ድምፆች

ድምፃችን በማሽን መቀረጽ የጀመረው ከመቶ ዓመት በፊት ሲሆን፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጀርመን ሰፊ ቦታ አላት። በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የአክሱም ጥናት ቡድን ከሐውልቶቹና ከድንጋይ ጽሑፎቹ ሌላ ድምፅም ሰብስቧል። የቡድኑ ሐኪም ኤሪክ ካሽከ በሰም ሲሊንደር ላይ የቀረጹት ድምፅ በበርሊን የፎኖግራም ቤተ መዛግብት ተቀመጠ። ይህ ቤተ መዛግብት በ1900 በካርል ሽቱምፍ የተመሠረተ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ዐፄ ምኒልክ ተሰማ እሸቴን አውቶሞቢል መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኩ። ኋላ ነጋድራስ የተባሉት እኚህ ሰው ግጥም አዋቂና ዜማ አዋቂ ነበሩ። መኪና ሊማሩ በሄዱበት በበርሊን ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። እነዚያ ሸክላዎች የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ የንግድ ቅጂዎች ተደርገው ይቆጠራሉ፤ ከመቶ ዓመት በኋላም፣ በ2011፣ ተሰብስበው በሲዲ ወጥተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የአክሱሙ ሲሊንደርና የበርሊኑ ሸክላ መቶ ዓመት ሊቆዩ የቻሉት ቁሳቸው ጠንካራ ስለሆነ አይደለም፤ ሰም ይቀልጣል፣ ሸክላም ይሰበራል። ሊቆዩ የቻሉት ማን፣ የት፣ መቼ እንደተቀረጸ የሚነግር ጽሑፍ አብሯቸው ስለ ነበረና ያንን የሚጠብቅ ሰው ስለ ነበረ ነው።

የሸክላው ዘመን

በአገራችን ሸክላ የሚታተምበት ፋብሪካ አልነበረም። በዚያ ላይ በ1948 የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትንና የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በ1969 ዐምሐ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ደፍረው በስማቸው የሚጠራውን የሸክላ ድርጅት አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ የታተመውም ሕንድ ነው። ዐምሐ በ1975 አገር ለቀው ወደ አሜሪካ እስኪሄዱ ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን አሳተሙ። ሌላው ትልቅ አሳታሚ «አሊ ታንጎ» በሚባል ስም የሚታወቁት አሊ አብደላ ካይፋ ነበሩ። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» እና የዋልያስ ባንድ «ጨ በለው» በካይፋ የወጡ ሸክላዎች ናቸው። «ጨ በለው» በ1977 ሲወጣ ኪቦርዱን የተጫወቱት ኃይሉ መርጊያ ነበሩ።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የማሕሙድን ሸክላ ከሰሙ በኋላ በ1985 አዲስ አበባ መጡ። በ1986 «እሬ መላ መላ» በቤልጅግ ታተመ፤ ከ1997 ጀምሮ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት በፓሪስ መውጣት ጀመረ። የተከታታዩ 4ኛ ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች ይዞ በ1998 ወጣ፤ በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባሉት የፊልም ሠሪ ሙዚቃውን በፊልማቸው ሲጠቀሙበት ደግሞ ሙላቱን ዓለም ዳግም አወቃቸው። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩም የመጀመሪያ ሸክላቸውን በ1960ዎቹ በጀርመን አሳትመው ነበር፤ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በ2006 በዚሁ ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ብዙ አዲስ አድማጭ አገኙ።

ፋልሴቶ በቆጠሩት መሠረት ከ1969 እስከ 1978 ድረስ 500 የሚጠጉ ትናንሽና 30 የሚሆኑ ትልልቅ ሸክላዎች ታትመዋል። ይህን ዘመን «ወርቃማው ዘመን» ማለት ዛሬ የተለመደ ነው። እኔም በተማሪነቴ ጽፌዋለሁ። ዛሬ ግን አጠያይቀዋለሁ። ዘመኑ የሚጀምረው የመጀመሪያው የዐምሐ ሸክላ በወጣበት ዓመት ነው፤ የሚያበቃውም ሸክላ መታተሙን ባቆመበት ዓመት ነው። እንግዲህ የዘመኑን ድንበር ያሰመረው የሙዚቃው ለውጥ ነው ወይስ የመቅጃው ዕቃ? በ1978 አምባሰል መዘፈኑ አላቆመም። ያቆመው ሸክላው ነው። ሰብሳቢው ሸክላ ይፈልግ ስለ ነበር ታሪኩም በሸክላው ልክ ተሰፋ።

ካሴትና ማሽን

ከሸክላው በኋላ የመጣው ካሴት ፋብሪካ አያስፈልገውም። ሁለት ቴፕና አንድ ባዶ ካሴት ያለው ሰው ሁሉ አሳታሚ ሆነ። ደሴ፣ ወልድያና መርሳ በአንድ ዋና መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ በዚህ መንገድ ዳር ያሉ ሙዚቃ ቤቶች ለአንድ ትውልድ ያህል ካሴት ሲቀዱ ኖረዋል። «ባለ 60 ነው ባለ 90?» የሚለው የባለ ሱቁ ጥያቄ ዛሬም በጆሮዬ አለ። አውቶቡስ ሾፌሮች ከደሴ አዲስ ካሴት ይዘው ሲመጡ መርሳ ቁርስ እስኪበሉ ድረስ የሚያስቀዳ ሰው ነበር። ይህ ልማድ ሙዚቃን ከከተማ ወደ ገጠር አወረደ፤ ነገር ግን ለሙዚቀኛው የሚገባውን ክፍያ አስቀረ፣ በካሴቱ ላይ ያለውንም ጽሑፍ አጠፋ። የተቀዳ ካሴት የአሳታሚ ስም የለውም፤ ቁጥርም ዓመትም የለውም። ቢበዛ በእስክሪብቶ የተጻፈ አንድ ቃል ይኖረዋል።

በዚሁ ዘመን ማሽኑ መጣ። የደርግ ሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን ሌሊት ሲዘጋው ታዳሚው በየሆቴሉ እስኪነጋ ተቆልፎ ያድር ነበር፤ እንደ ዋልያስ ያሉ ባንዶችም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር። በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ለሥራ ሲሄድ ኃይሉ መርጊያና ጥቂት ባልደረቦቻቸው እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማሩ። ቀድሞ ከስምንትና ከዘጠኝ ሰው ጋር ይጫወት የነበረ ሙዚቀኛ ባንዱን ሲያጣ ምን ያደርጋል? ኃይሉ በልጅነታቸው ወደ ተማሩት መሣሪያ፣ ወደ አኮርዲዮን፣ ተመለሱ፤ የጎደለውን ሰው ሁሉ በማሽን ተኩ።

የአምባሰል ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት። ከዶ ብንነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ናቸው። ከመነሻው ድምፅ እስከ ሁለተኛው ያለው ርቀት ግማሽ ቃና ብቻ ነው፤ ከአራተኛው እስከ አምስተኛውም እንዲሁ። መሰንቆ ተጫዋች እነዚህን ጠባብ ርቀቶች በጣቱ እያንሸራተተ፣ ጥቂት ከፍ ጥቂት ዝቅ እያደረገ ያሳምራቸዋል። የኪቦርድ ቁልፍ ግን ቦታው የተወሰነ ነው፤ በሁለት ቁልፎች መካከል መቆም አይቻልም። ስለዚህ ኪቦርድ ተጫዋች መንሸራተቱን በሌላ ነገር መተካት አለበት፤ በፈጣን የጌጥ ድምፆች፣ ድምፁን በሚያጎብጠው የሲንተሳይዘር ጎማ፣ በአኮርዲዮን የነፋስ ግፊት። በኃይሉ ካሴት ላይ የምንሰማው ይህ ትግል ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ብዙዎቻችን ኪቦርድ የመጣው ባንድ ስለ ረከሰ ነው ብለን እናማርር ነበር። ቅሬታው መሠረት ነበረው፤ ብዙ የሰነፍ ሥራ በኪቦርድ ተሠርቷል። ሆኖም ሁሉንም በአንድ ሚዛን መዘንን፤ ከገለባው ጋር እህሉንም በተንን።

የጀርመኑ ንጽጽር

እዚህ ላይ ወደ ጀርመን ልመለስ። በዱሰልዶርፍ በ1970 የተመሠረተው ክራፍትቨርክ በ1974 «አውቶባን»፣ በ1977 ደግሞ «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» የተባሉትን አልበሞች አወጣ። ሁለተኛው የወጣው «ጨ በለው» በወጣበት ዓመት ነው። የክራፍትቨርክ ድምፅ በ1982 በኒው ዮርክ የኤሌክትሮ ሙዚቃን ወለደ፤ በዲትሮይት ደግሞ ቴክኖ ለተባለው ሙዚቃ መነሻ ሆነ።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚቀርበን ግን የበርሊኑ ማኑኤል ጎትሺንግ ነው። ጎትሺንግ በታኅሣሥ 1981 በስቱዲዮው ብቻውን ተቀምጦ በሲንተሳይዘር፣ በከበሮ ማሽንና በጊታር አንድ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ተጫወተ። «ኢ2-ኢ4» የተባለው ይህ ቅጂ በ1984 በሸክላ ሲወጣ ትኩረት የሰጠው ሰው ጥቂት ነበር። በ1989 ጣልያናውያን የጭፈራ ሙዚቃ ሠሪዎች ለሥራቸው መነሻ አደረጉት፤ ቀስ በቀስም ከቴክኖ ቀደምት ሥራዎች አንዱ ተብሎ ታወቀ።

ጎትሺንግና ኃይሉ የተዋወቁ ሰዎች አይደሉም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ሰምቷል የሚል ነገርም አልናገርም። የማነጻጽረው ሁኔታቸውን ነው። ሁለቱም ብቻቸውን ነበሩ። ሁለቱም በዚያው ጥቂት ዓመታት ውስጥ በማሽን ሠሩ። የሁለቱም ሥራ ከወጣ ከዓመታት በኋላ በሌላ አገር ሰው ጆሮ ተገኘ። ልዩነታቸው ከዚህ በኋላ ይመጣል። በበርሊን የተረሳ ሸክላ የአሳታሚ ስም፣ መለያ ቁጥርና ዓመት አለው፤ የከተማው ሸክላ ሻጭ ያውቀዋል፤ ፈላጊ ከመጣ መንገዱ አይጠፋውም። በእኛ ዘንድ ግን የኃይሉን ካሴት ያተረፈው የታተመ ሽፋን መኖሩ ነው። ሽፋኑ ላይ ስምና ፎቶ ነበረ። ፈላጊው በዚያ ስም ሰውየውን ፈልጎ አገኘ። ኃይሉ በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ተሳፋሪ ሲጠብቁም ከመኪናቸው ሻንጣ ማስቀመጫ ትንሽ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። በስልክ ተነጋገሩ፣ ተስማሙ፣ ካሴቱ ታተመ። ከዚያ በኋላ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመልሰው በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ አልበሞችን አወጡ። ግርማ በየነም እንዲሁ ከረጅም የዝምታ ዓመታት በኋላ በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር በ«ኢትዮፒክስ» 30ኛ ቅጽ ተመልሰዋል።

ስለዚህ አንድ የተረሳ ድምፅ ዳግም እንዲገኝ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል እላለሁ። አንደኛ፣ ድምፁን የያዘው ዕቃ መትረፍ አለበት። ሁለተኛ፣ ከዕቃው ጋር ማን፣ የት፣ መቼ የሚል ጽሑፍ መኖር አለበት። ሦስተኛ፣ ተጠይቆ «አዎ፣ የእኔ ነው» የሚል፣ የሚፈቅድና የሚከፈለው ባለቤት ወይም ወራሽ መገኘት አለበት። ኃይሉ ሦስቱም ነበራቸው። አሁን ወደ መርሳ እንመለስና ምን እንዳለን እንይ።

በእኔ ቤት የሆነው

ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ መካከል ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። አምባሰልን በዚህ ዘመን በአገር ደረጃ ያስከበሩት ማሪቱ ለገሰ በወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ውስጥ ያደጉ ድምፃዊት ናቸው። ከእነርሱ በታች ግን በየሠርጉና በየበዓሉ የሚጫወቱ፣ ሸክላም የታተመ ካሴትም የሌላቸው ብዙዎች ነበሩ። የእነርሱ ድምፅ የተረፈው ቴፕ ያለው ዘመድ በሠርጉ ቀን ከቀረጸው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ አንድ ካሴት በእኛ ቤት ነበር። አጎቴ መርሳ ውስጥ በአክስቴ ሠርግ ላይ የቀረጸው ነው። በአንዱ ገጽ አንድ መሰንቆ ተጫዋች አምባሰል ይዘፍናል፤ በሌላው ገጽ የሠርገኛው እልልታና ሆታ አለ። አጎቴ ካሴቱ እንዳይደመሰስ በጀርባው ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጆሮዎች ሰብሯቸው ነበር። እኔ ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሬዲዮ የምወደው ዘፈን ሲመጣ ባዶ ካሴት አጣሁ። የተሰበረው ጆሮ ቦታ ላይ ወረቀት አጣጥፎ መሰካት እንደሚበቃ ከጓደኞቼ ተምሬ ስለ ነበር ወረቀቱን ሰካሁና ቀረጽኩበት። አንድ ዘፈን ብቻ ቀርጬ አላቆምኩም፤ ሳምንቱን ሙሉ ቀረጽኩ። አጎቴ ሲያውቅ አልመታኝም። «እሱ ሰውዬ እኮ ሞቷል» ብሎ ብቻ ወጣ። የተናገረው ስለ መሰንቆ ተጫዋቹ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የኃይሉን «አምባሰል» ዳግም ከታተመ በኋላ ስሰማ የከበሮው ማሽን ሥር ያለው ዜማ ያንን ካሴት አስታወሰኝ። ወደ መርሳ ሄጄ ፈለግሁት፤ አክስቴ ጥላው አልነበረም። የቴፑ ቺንጊያ ላልቶ ስለ ነበር ሌላ ቴፕ ተውሼ አዳመጥሁት። ከሬዲዮው ዘፈኖች በኋላ፣ በገጹ መጨረሻ፣ ያልደመሰስኩት ሦስት ደቂቃ የማይሞላ የመሰንቆ ድምፅ ቀርቷል። አንድ ሰው «ድገም! ድገም!» ይላል፤ ከዚያ ክሩ ያልቃል።

የተጫዋቹን ስም ለማወቅ በሠርጉ ላይ የነበሩ ሦስት ሽማግሌዎችን ጠየቅሁ። ሦስቱም በየራሳቸው እርግጠኞች ነበሩ፤ ሦስቱም የተለያየ ስም ነገሩኝ። አንዱ ከጊራና ወገን ነው አሉ፣ ሌላው ከውርጌሳ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአምባሰል የመጣ እንግዳ ነበር አሉ። አጎቴ በሕይወት ቢኖር አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ያጠፋሁት ድምፁን ነው፤ ስሙን ያጠፋነው ግን ሁላችን ነን፤ በካሴቱ ላይ የጻፍነው «ሠርግ» የሚል ብቻ ነበርና። እንግዲህ ይህ ካሴት ከሦስቱ መስፈርቶች የመጀመሪያውን በከፊል ያሟላል፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አያሟላም። ከየትኛውም አገር የሚመጣ ሰብሳቢ ምንም ያህል ቢተጋ ሊያገኘው አይችልም።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን በነበረው ጦርነት ብዙ ቤት ዕቃው ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ሰዎች የጠፋባቸውን ሲዘረዝሩ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ቴሌቪዥን፣ ፍራሽ፣ እህል፣ የልጅ ልብስ ይጠራል። ካሴት የጠራ አልሰማሁም። በእንዲያ ያለ ጊዜ ስለ ካሴት አለማሰባቸው አያስወቅሳቸውም። ነገር ግን ያልተቆጠረ ንብረት ሲጠፋም እንደማይታወቅ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ምን እናድርግ

ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ «ታሪካችንን ፈረንጅ ለምን ይጽፈዋል?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ወቀሳ ብቻ ሊሆን አይገባም። ፋልሴቶና ሺምኮቪትዝ ያገኙት የታተመውን ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሊያገኝ የሚችለውም እሱኑ ነው። ያልታተመውን ሊያገኝ የሚችለው የአክስቱን ሳጥን መክፈት የሚፈቀድለት ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል።

ሥራው ከሚመስለው ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ነው። ዓለም አቀፉ የድምፅ መዛግብት ባለሙያዎች ማኅበር የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ልክ በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና በ24 ቢት ነው። በዚህ ልክ በሁለት ቻናል የተቀዳ አንድ ሰዓት ድምፅ አንድ ጊጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል። እንግዲህ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ባለ 60 ካሴት በአንድ ቴራባይት ዲስክ ላይ ይገባል ማለት ነው፤ ለጥንቃቄ በሁለት ሌሎች ዲስኮች ላይ ግልባጩን ማስቀመጥ ነው። ከዲስኩ ይልቅ የሚከብደው በደንብ የሚሠራ ቴፕ ማግኘት ነው፤ ራሱ የጸዳ፣ ቺንጊያው ያልላላ። የተበላሸ ቴፕ ክሩን ይበላዋል፤ አንዴ የተበላ ክር ደግሞ አይመለስም። ሙቀትና እርጥበትም የክሩን ማጣበቂያ ያላሉታል፤ የሐብሩ ቆላ ለካሴት አይመችም።

ከቅጂው የሚበልጠው ግን ጽሑፉ ነው። ለእረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ካሴት ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። ከካሴቱ ጋር አራት መልሶችን ይዛችሁ ኑ፤ ማን ነው? የት ነው? መቼ ነው? እንድንሰማው የፈቀደው ማን ነው? አራተኛው ጥያቄ ለይስሙላ የተጨመረ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኙን መብት ያስከብራል፤ ከአዋጁ በላይ ደግሞ የአገሩ ባህል አለ። በየጁ እንደ ዳና ባሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት የሚዜም መንዙማ ጸሎት ነው፤ የለቅሶ ሙሾም የአንድ ቤተሰብ ሐዘን ነው። ለመጠበቅ መቅዳት አንድ ነገር ነው፤ ለሕዝብ ማሰማት ሌላ ነገር ነው። ያልፈቀዱልንን እንጠብቀዋለን እንጂ አንበትነውም።

ይህ ሥራ ለሙዚቃውም ነገ ይጠቅማል። እንደ ሚካኤል ሰይፉና እንደ እንደገና ሙሉ ያሉ የአዲስ አበባ ወጣቶች የአገር ዜማን ከኮምፒውተር ሙዚቃ ጋር አዋሕደው ሲሠሩ ቆይተዋል፤ የሚካኤል «ያራዳ ልጅ» በ2014፣ «ዘላለም» በ2016 በአሜሪካ ታትመዋል። ከነጋድራስ ተሰማ ሸክላ ጀምረን እስከ እነዚህ ብንደርስ ማሽን በሙዚቃችን ውስጥ መቶ ዓመት የኖረ እንጂ ትናንት የመጣ እንዳልሆነ እናያለን። ከወሎ ተነሥቶ በማሽን የሚሠራ ወጣት ግን ዛሬ አምባሰልን ልስማ ቢል የሚያገኘው የታተሙትን ጥቂት ድምፆች ብቻ ነው። የጊራናው፣ የውርጌሳው፣ የመርሳው አጨዋወት በምን እንደሚለይ ሊያስረዳው የሚችል መዝገብ የለንም።

ንግግሬን ልቋጭ። ወርቃማ ዘመን የምንለው የሸክላውን ዘመን ነው፤ ሸክላ ያልደረሰባቸው ሰዎች ዘመን ግን ስም አላገኘም። ስም ሊሰጡት የሚችሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዛሬ በሕይወት አሉ። የእኔን ሦስት ደቂቃ ባለቤት የሚያውቅ ሰው ምናልባት አሁን ወልድያ ገበያ ውስጥ ይሆናል። ያን ቅጂ ከንግግሩ በኋላ አሰማችኋለሁ፤ ድምፁን የሚያውቅ፣ ወይም የሚያውቅ ዘመድ ያለው ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ካሴቱ ላይ «ሠርግ» ከሚለው ቃል ሥር ባዶ ቦታ አለ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።